በላጤ ሴቶች ኮሜዲ ልቦለድ ውስጥ የሳቁ ባለቤት ማን ነው?

ህዳግ ላይ የምጽፍ (የውይይቱን ክር የከፈተች)

ባለፉት ጥቂት ወራት ስለ ላጤ ሴቶች፣ ስለ ጓደኝነታቸውና ስለ ዘመኑ ፍቅር የተጻፉ አስቂኝ ልቦለዶችን አከታትዬ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ አስገረመኝ። መጽሐፉን ከዘጋሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ባለታሪኳ በስተመጨረሻ ያገኘችውን ሰው ስም ለማስታወስ እቸገራለሁ፤ ጓደኞቿ ግን ከነአነጋገራቸው፣ ከነንዴታቸውና ከነማይረባ ምክራቸው ፊቴ ላይ ይቆማሉ።

አንድ ግምት ልሰንዝር። በእነዚህ መጻሕፍት ወንዱ የሚያገለግለው ለሴራው ነው፤ ታሪኩ በእሱ ይጀመራል፣ በእሱም ያልቃል። ሳቁ ግን የጓደኞቿ ነው። ቀጠሮው ሲበላሽ በዚያች ሰዓት የነበረው ውርደት ብቻ ነበር፤ ውርደቱ ጨዋታ የሚሆነው ሰሚ ሲያገኝ ነው። ሄለን ፊልዲንግ በ1995 በ«ዘ ኢንዲፔንደንት» ጋዜጣ ዓምድነት የጀመረችውንና በ1996 መጽሐፍ ሆኖ የወጣውን የብሪጅት ጆንስን የዕለት ማስታወሻ ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ብሪጅት ክብደቷን፣ የጠጣችውንና ያጨሰችውን ቆጥራ ማስታወሻዋን ትከፍታለች፤ ቁጥሩ ራሱ ያስቃል፣ ምክንያቱም በዋዜማው የገባችውን ቃል በማግስቱ ያፈርሰዋል። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሐዘን መዝገብ ነበር። ጓደኞቿ ጁድ፣ ሻዘርና ቶም ሲደርሱ ነው ያው መዝገብ ወደ ሳቅ የሚለወጠው።

ከዚያ ሰባ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1925፣ አኒታ ሉስ ባሳተመችው «ጀንትልመን ፕሪፈር ብሎንድስ» ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው፤ አሠራሩ እንዲያውም ይረቅቃል። ማስታወሻውን የምትጽፈው ሎሬላይ ናት፤ የፊደል ስሕተቷ ብዙ ነው፤ ራሷን እንደ ጨዋ ትቆጥራለች። ጓደኛዋን ዶሮቲን ስለ አነጋገሯ ትወቅሳታለች፤ ለመውቀስ ብላ ግን የዶሮቲን ንግግር ቃል በቃል ትመዘግበዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቀልዶች ምርጦቹ እነዚያ ሲሆኑ፣ የጻፈቻቸው ሴት ቀልድ መሆናቸው አልገባትም። ከዚህ የበለጠ የጓደኝነት ሥዕል አላየሁም ብል አጋነንሽ አትበሉኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጓደኝነቱን ብናወጣው ኮሜዲው ራሱን ችሎ ይቆማል?


ጠርጣራው

ይቆማል። ማስረጃዬ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ባርባራ ፒም ናት።

በ1952 የወጣው «ኤክሰለንት ዊሜን» ተራኪ ሚልድረድ ላዝበሪ ትባላለች፤ የቄስ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ጥቂት አልፏል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በለንደን ብቻዋን ትኖራለች። ሰዉ ሁሉ ባል ስለሌላት ጊዜ ይተርፋታል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው ጠብ ታስታርቃለች፣ የሌላውን ሰው የቤት ዕቃ ታሽጋለች፣ የሌላውን ሰው ሻይ ታፈላለች። የሆድ የሆዷን የምታጫውታት ባልንጀራ ግን የላትም ማለት ይቻላል። አዲስ ባልና ሚስት ጎረቤቶች መጥተው የመታጠቢያ ክፍሉን ሲጋሩት፣ ስለ መታጠቢያ ክፍሉ ሥርዓት የምታስበው ሐሳብ ብቻውን ከብዙ የፍቅር ቀጠሮዎች ይልቅ ያስቃል። ሳቁ ከውስጥ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ለዚህ ነው የሚያሳምመው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በ1963 አሳታሚዋ ቀጣዩን ድርሰቷን አልቀበልም አለ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚያትምላት አልተገኘም። በ1977 አንድ የታወቀ የሥነ ጽሑፍ ጋዜጣ ተገቢውን ግምት ያላገኙ ጸሐፍት እነማን እንደሆኑ ሲጠይቅ፣ ገጣሚው ፊሊፕ ላርኪንና ሐያሲው ሎርድ ዴቪድ ሴሲል ሁለቱም ስሟን ጠቀሱ። በዚያው ዓመት «ኳርቴት ኢን ኦተም» ወጣ፤ ለቡከር ሽልማትም ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ያም መጽሐፍ ስለ አራት ብቸኛ የቢሮ ባልደረቦች ነው፤ እርስ በርሳቸው ጓደኞች ለመሆን እንኳ አይደፍሩም። አስቂኝ ነው፤ እጅግም ቀዝቃዛ ነው።


የመደርደሪያ አቧራ

የክሩ ባለቤት ከ1925 ወደ 1996 ዘለሉ፤ በመሐል አንድ መጽሐፍ ወድቆ ቀርቷል። ቴሪ ማክሚላን «ዌይቲንግ ቱ ኤክሄል»ን ያወጣችው በ1992 ነው፤ ብሪጅት ጆንስ መጽሐፍ ከመሆኗ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ የሚኖሩ አራት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ታሪክ ነው፤ ሳቫና፣ በርናዲን፣ ሮቢንና ግሎሪያ። አንዳንዱ ምዕራፍ ባለታሪኳ በራሷ አንደበት የምትናገርበት፣ ሌላው ደግሞ በሦስተኛ መደብ የሚተረክ ነው፤ ስለዚህ አንዷ ስለ ራሷ የነገረችንን ወሬ በሌላዋ ዓይን እንደገና እናየዋለን። ጓደኝነት ማለት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምክር መሰጣጣት ብቻ ሳይሆን የትረካው አወቃቀር ጭምር ነው። ይህን መጽሐፍ ዘልሎ የዘርፉን ልደት ከለንደን መጀመር ልማድ ሆኗል፤ ትክክል ግን አይደለም።

ስለ ስያሜውም አንድ ቃል ልበል። በእንግሊዝኛ «ቺክ ሊት» (ቃል በቃል «የጫጩት ሥነ ጽሑፍ») የሚለው ስም በ1995 በወጣ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ርእስ ላይ ሲውል በምጸት ነበር። ከዚያ አሳታሚዎች ምጸቱን ጥለው ስሙን ብቻ ወሰዱት፤ ሽፋኑን ሮዝ ቀብተው ለገበያ አወጡት። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ ስለ ትዳርና ስለ ውርደት የሚያስቅ መጽሐፍ ወንድ ሲጽፈው «ኮሜዲ» ይባላል፣ ሴት ስትጽፈው ደግሞ በጫጩት ስም ይጠራል። እኛም ብንሆን አንሻልም። «ላጤ» ስንል መጀመሪያ የሚታየን ወንድ ነው፤ ለሴቷ «ሴተ ላጤ» ብለን እንቀጥልበታለን፤ ዕድሜዋ ገፋ ካለ «ቆማ ቀረች» እንላለን፣ ልክ የሆነ ተሽከርካሪ ትቷት የሄደ ይመስል።


ነጠላ ሰረዝ

ስሜን አይታችሁ የመረጥኩት ለዚህ ክር ነው እንዳትሉ፤ ከድሮ ጀምሮ ነው።

የሁለታችሁም ክርክር አንድ ጥያቄ የዘለለ ይመስለኛል። ከጓደኛ በፊት መጠየቅ ያለበት «ማን በማን ይስቃል?» የሚለው ነው። ለብዙ ዘመን ያላገባች ሴት በኮሜዲ ውስጥ የነበራት ሥራ መሣቂያ መሆን ብቻ ነበር። እርሷ ታወራለች፤ ሌሎች ይተያያሉ። ይህ የተገለበጠበትን ቦታ በጣት ጠቁሚ ብባል የምጠቁመው በታኅሣሥ 1815 ታትሞ የወጣውን የጄን ኦስተንን «ኤማ» ነው።

ኤማ ወጣት፣ ቆንጆና ሀብታም ናት፤ አላገባም ትላለች። ጓደኛዋ ሃሪየት እንደ ሚስ ቤትስ ሆነሽ ልትቀሪ ነው ወይ ብላ ስትደነግጥ፣ ኤማ የምትመልሰው መልስ ግልጽ ነው፤ ላጤነትን ንቀት ላይ የሚጥለው ድህነት ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያላት ላጤ እንደማንኛውም ሰው ትከበራለች። ሚስ ቤትስ ደግሞ ድሃ ናት፤ ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖራለች፣ ሳታቋርጥ ታወራለች፣ ያደረጉላትን ሁሉ አመስግና አትጨርስም። አንባቢም እንደ ኤማ ይሰለቻል፤ ገጹን ይዘላል፤ ይስቃል።

ከዚያ የቦክስ ሂል ሽርሽር ይመጣል። ጨዋታው እያንዳንዱ ሰው ወይ አንድ ብልህ ነገር፣ ወይ ሁለት መጠነኛ፣ ወይ ሦስት ደነዝ ነገር ይናገር የሚል ነው። ሚስ ቤትስ በራሷ ላይ ቀልዳ፣ አፌን እንደከፈትኩ ሦስት ደነዝ ነገር ማለቴ አይቀርም ትላለች። ልብ በሉ፤ በዚህች ቅጽበት ቀልዱ የእርሷ ነው። ኤማ ግን ትነጥቃታለች፤ ችግሩ በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ እንዲሆኑ መገደቡ ነው ትላታለች። ሚስ ቤትስ ወዲያው አይገባትም፤ ሲገባት ትቀላለች፤ ከዚያም ኤማን ሳይሆን ራሷን ትወቅሳለች። የቤተሰቧ ወዳጅ ሚስተር ናይትሊ በኋላ ኤማን ለብቻዋ ይገሥጻታል፤ ሀብታም ብትሆን ኖሮ ልትስቂባት ትችይ ነበር፣ ድሃ ናትና አይገባሽም የሚል ነው የተግሣጹ ፍሬ። ኤማ በሠረገላው ውስጥ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በዚያው ገጽ ላይ የሳቀው አንባቢም የሚገባበት ያጣል። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የእኔ አመለካከት ይህ ነው፦ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥሩ ጥሩ ልቦለዶች ያደረጉት ብዕሩን ለሚስ ቤትስ መስጠት ነው። ሚልድረድም፣ ብሪጅትም በራሳቸው ላይ ቀድመው የሚስቁት ኤማ እንዳትቀድማቸው ነው። ጓደኛ የምታስፈልገው ደግሞ በራስ ላይ መሳቅ ራስን ማዋረድ እንዳይሆን ነው፤ ጓደኛዋ ትስቃለች፣ ከዚያም «ተይ እንጂ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው» ትላታለች። ፒም ይህችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብላ አውጥታዋለች፤ ጠርጣራው የተሰማቸው ቅዝቃዜ ከዚያ የመጣ ነው።


ጠርጣራው

ይህን እቀበላለሁ። ግን ሁላችሁም ስለ መጨረሻው ገጽ ዝም ብላችኋል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ላጤነት ነውር አይደለም ሲባል ቆይቶ፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ሰውዬው በር ያንኳኳል። ይህ መጽሐፉ ለራሱ ቃል ያለመታመን ካልሆነ ምንድን ነው?


ሦስተኛ ረቂቅ

ይህን ዓይነት ልቦለድ ለመጻፍ ሦስተኛ ዓመቴን እየታገልኩ ስለሆነ፣ ጠርጣራው ያነሡት ጥያቄ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣኝ ጥያቄ ነው።

በሠርግ መጨረስን እነዚህ ጸሐፍት አላመጡትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በአቴና ሜናንደር የጻፋቸው ኮሜዲዎችም በጋብቻ ይዘጋሉ፤ ቅርጹ ከዚያ ጀምሮ ሲወራረስ የመጣ ነው። ኮሜዲ መዝጊያ ይፈልጋል፤ ከሠርግ የቀለለ መዝጊያ እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም ሠርጉ ለሳቁ ሞት መሆኑን ከፊልዲንግ በላይ ያጋለጠ የለም፤ በ2013 ወደ ብሪጅት ስትመለስ ባሏን ማርክ ዳርሲን ገድላ ነው የጀመረችው። ብሪጅት የሁለት ልጆች እናትና የሃምሳ አንድ ዓመት መበለት ሆና እንደገና የፍቅር ቀጠሮ ትይዛለች። ብዙ አንባቢ በዚህ ተቆጥቷል፤ እኔ ግን የሙያ ችግሯ ገብቶኛል። ባለታሪክህን በደስታ ካጋባሃት፣ ቀልዱን መልሶ ለማግኘት አንድ ሰው መቀበሩ አይቀርም።

በራሴ ረቂቅ ያጋጠመኝ ሌላው እንቅፋት ስልክ ነው። ቀድሞ ጓደኞች ለመማከር አንድ ቦታ መገናኘት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ትዕይንት ይፈጠራል፤ አንዷ ዘግይታ ትመጣለች፣ ሌላዋ ታኮርፋለች። ዛሬ ሁሉም በቡድን መልእክት ያልቃል። ካንዲስ ካርቲ ዊልያምስ በ2019 በወጣው «ክዊኒ» ይህን እንቅፋት መሣሪያ አድርጋዋለች፤ የባለታሪኳና የጓደኞቿ የዋትስአፕ ቡድን ስም ያለው፣ እንደ ጥንታዊ ተውኔት ኅብረ ዘማሪ ጣልቃ እየገባ የሚፈርድ ድምፅ ሆኗል። ዶሊ አልደርተን ደግሞ በ2020 በ«ጎስትስ» የዘመኑን ልዩ ውርደት ያዘችው፤ ሰውዬው አይጣላም፣ አይሰናበትም፣ መልስ መስጠት ብቻ ያቆማል። ለኮሜዲ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ ከባላንጣ ጋር መሳሳቅ ይቻላል፣ ከዝምታ ጋር ግን አይቻልም። የቀረላት ከጓደኛዋ ጋር ሆኖ ዝምታውን መተርጎም ነው፤ «መልእክቱን አይቶታል ወይስ አላየውም?» በሚል ጉዳይ ላይ ሁለት የተማሩ ሴቶች ሙሉ ማታ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ያ ክርክር ያስቃል።


የትርጉም ሰው

ስለ ትርጉም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለራሴ መለማመጃ ብዬ ከእነዚህ መጻሕፍት ጥቂት ገጾችን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበርና።

የመጀመሪያው ሽንፈቴ የብሪጅት ማስታወሻ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ተውላጠ ስሙን ትጥለዋለች፤ «እኔ» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ስለሚቀር ጽሑፉ የተቻኮለ፣ ትንፋሽ ያጠረው ይመስላል፤ ከሳቁ ግማሹ ያለው እዚያ ነው። በአማርኛ «አጨስኩ፣ ደወልኩ፣ አለቀስኩ» ስል ግሡ ራሱ «እኔ»ን ተሸክሞ ስለሚመጣ የሚጣል ነገር የለም። ጥድፊያውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረብኝ፤ አልተሳካልኝም።

ሁለተኛው ግን ሽንፈት ነው ብዬ አልጠራውም። እንግሊዝኛው ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት «አንተ» ነው ያለው፤ እኛ ግን እርስዎ፣ አንተ፣ አንቺ እንላለን። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ተዋውቀው፣ ተጣልተው፣ ተዋደው እስኪጨርሱ ድረስ ደራሲው ያልወሰነውን ተርጓሚው ይወስናል፤ የትኛው ገጽ ላይ ነው «እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚወርደው? የኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ባለታሪኮች ኤልዛቤትና ሚስተር ዳርሲ እስከ መጨረሻው ድረስ ቢከባበሩ ያስኬዳል። በዘመኑ ልቦለድ ግን የመጀመሪያው የስልክ መልእክት «እንደምን ነዎት» ሊል አይችልም፤ «ሰላም ነሽ» ሲል ደግሞ ገና ሳይተዋወቁ ተደፋፍሯል። ጓደኛዋ ይህችን አንዲት ቃል አይታ «ደፋር ነው» ወይም «ያላደገ ነው» ብላ ስትፈርድ ይታየኛል። ሦስተኛ ረቂቅ፣ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ይህ ትዕይንት የእርስዎ ነው፤ ያለ ክፍያ ሰጥቼዎታለሁ።


ሦስተኛ ረቂቅ

ተቀብያለሁ። ምዕራፍ አራት ውስጥ ገብቷል።


ህዳግ ላይ የምጽፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግምቴን ላሻሽለው ተገድጃለሁ። ጓደኛ የሳቁ ምንጭ ናት ብዬ ነበር፤ አሁን ስመለከተው የጓደኝነት መጥፋትም የዚህ ዘርፍ ትልቁ ሐዘን ነው፤ ከፍቅረኛ መለየት ለዚህ ያህል አይከብድም። በ1813 በወጣው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ሚስተር ኮሊንስ በሦስት ቀን ውስጥ ለሁለት ሴቶች የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል። ኤልዛቤት እምቢ ስትለው እንስቃለን። ሃያ ሰባት ዓመት የሆናት ጓደኛዋ ሻርሎት እሺ ስትለው ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ኤልዛቤት ከዚህ በኋላ በመካከላቸው የቀድሞው መተማመን እንደማይኖር ይሰማታል። በ«ጎስትስ» ውስጥም የጠፋው ሰውዬ ታሪክ እየገፋ ሳለ በጎን የሚያመው የልጅነት ጓደኛዋ የካትሪን ነገር ነው፤ አግብታ ወልዳ እየራቀቻት የሄደችው። ለዚህኛው መራቅ የሠርግን ያህል ሥርዓት የለውም፤ ማንም ሰው «ጓደኛዋ ስለራቀቻት» እዝን ይዞ አይመጣም።

ጠርጣራው ስለ ፒም ያሉት ግን አሁንም ያከራክረኛል። ሚልድረድ ባልንጀራ የላትም አሉ፤ ታዲያ ለማን ነው የምትተርከው? የምትነግረን እኛን ነው። ማንም የማይሰማትን ቀልድ የምንሰማት እኛ ብቻ ነን።


ጠርጣራው

በዚህ መንገድ ከሄድን ሁሉም ተራኪ ጓደኛ አለው ማለት ነው፤ ያኔ ቃሉ ትርጉም ያጣል። ሆኖም ስለ ሚልድረድ ብቻ ከሆነ እስማማለሁ። ሌላ ማንም አልጠየቃትም።


ነጠላ ሰረዝ

ትናንት ማታ የክሩ ባለቤት ያሉትን ይዤ ወደ «ኤማ» ተመለስኩ፤ ሁልጊዜ እዘላቸው የነበሩትን የሚስ ቤትስን ረጃጅም ንግግሮች ሳልዘል አነበብኩ። የመጽሐፉ ትልቅ ምስጢር ፍራንክ ቸርቺልና የሚስ ቤትስ የእህት ልጅ ጄን ፌርፋክስ በድብቅ መተጫጨታቸው መሆኑን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ (ያላነበባችሁ ይቅር በሉኝ)። ብልህ ነኝ ባይዋ ኤማ እስከ መጨረሻው ድረስ አላወቀችም፤ አንባቢም አብሮ ይታለላል። ሚስ ቤትስ ግን ቤቷ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ለማንም ሰው እየጮኸች ትናገር ነበር፤ ፍራንክ ቸርቺል የእናቷን መነጽር ምስማር ሊጠግን ምን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ እንደለፋ፣ እንዴት ያለ ደግ ልጅ እንደሆነ፣ ጄንም በዚያው ክፍል እንደነበረች። ማስረጃው እዚያ ነበር፤ ከመስኮት ወደ መንገድ፣ በታላቅ ድምፅ ይነገር ነበር። እኔ ግን አምስት ጊዜ ዘልዬዋለሁ።